ነጩ ሰሃን

ሊስቤት ነጩን ሰሃን በገመድ አስራ፣ ጀልባዋ ጥላ በጣለችበት በኩል ወደ ባሕሩ ወሽመጥ ለቀቀችው። ውሃው ምን ያህል እንደደፈረሰ የሚለካው እንዲህ ነው፤ ሰሃኑ ከዓይን እስኪሰወር ይወርድና ሁለት ሰው ጠፋ ሲል ገመዱ ላይ ያለው የሜትር ምልክት ይነበባል። ሁለተኛው ሰው ባለጀልባው አይናር ነው። ባለፈው ዓመት ውሃው መበላሸቱን ባሳየው በእሷ ልኬት የተነሳ ለምግብ የሚሸጠውን የባሕር ዛጎል ማውጣት ከተከለከለ ወዲህ ዓይንሽን ላፈር ብሏታል። ሆኖም ከእሱ በቀር ጀልባ የሚያከራያት አልተገኘም።

«ጠፋ» አለች።

«ገና ይታየኛል።»

«ዛሬም ጀመረህ?»

«ካላየሽ መነጽር አድርጊ። ውሃውን የገደልሽው አንቺ፣ ጦም ያደርነው እኛ።»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ውሃው የጠራ እንዲመስል ይዋሻል። ሊስቤት ትዕግሥቷ አለቀና ገመዱን እየሳበች ሰሃኑን አወጣችው። ውሃው እየተንጠባጠበ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አይናር ግን ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ እንደተደፋ ቀረ።

«ይታየኛል» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ በቃህ። ሰሃኑ እኔ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ። ስታወጪው አይቻለሁ።»

ድምፁ ውስጥ የጠብ ነገር አልነበረም። ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ አናግሯት አያውቅም። ሊስቤት ሰሃኑን በሁለት እጇ እንደያዘች አጠገቡ ጎንበስ አለች።

ከጥላው ስር፣ ከታች፣ ነጭ ክብ ነገር አለ። የእሷ ሰሃን ሲወርድ እያነሰ ነበር የሄደው።

ይሄ እየሰፋ ነው።