የአቶ መርዕድ ስድስት መነሳት

የአቶ መርዕድ ልብ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ሕመማቸው ከሀብታም የልብ ሕመም አይለይም፤ ደረታቸው ውስጥ የተገጠመው ማሽን ግን የድሃ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ ብቻ መነሳት ይፈቅዳል። ስድስቱ ካለቁ እስከ ንጋት የሚረጨው ደም ለተቀመጠ ሰው እንጂ ለቆመ አይበቃም።

ዛሬ ልጃቸውን ስኂንን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ጧት ከአልጋና ከሽንት ቤት ሲነሱ ሁለቱ አለቁ። ከቀሩት አራት አንዱን ለመቀበያ፣ አንዱን ለመሸኛ መድበው ተቀመጡ።

ኮንዶሚኒየሙ አሳንሰር ስለሌለው ሦስቱ ሽማግሌዎች አራተኛ ፎቅ የደረሱት በየተራ ነበር።

«ኖር» ብለው ተነሱ።

«በእግዜር፣ አይነሱ።»

ለሦስቱም እንዲሁ ተነሱ። እንግዳ ቆሞ ተቀምጦ መቀበልን ማን አስተምሯቸው።

ነገሩ በሰላም አለቀ፤ ስኂን ተሰጠች። አቶ መርዕድ በመጨረሻዋ ተነስተው እስከ በር ሸኟቸው። ተመልሰው ሲቀመጡ የእጅ አንጓቸው ላይ የታሰረው የማሽኑ ቆጣሪ ዜሮ ሆኗል። ስኂን አይታ ተነፈሰች፤ ቀኑ አለፈ ብላ ብርጭቆ ልታጥብ ኩሽና ገባች።

በሩ ተንኳኳና ተከፈተ። ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ረስተው ኖሯል። የእሳቸው የልብ ማሽን አንደኛ ደረጃ ነው፤ አራት ፎቅ ወርደው ሲመለሱ እንኳ አላለከለኩም።

«ኖር» የሚል ድምፅ ኩሽና ድረስ ተሰማ።

ስኂን ብርጭቆውን ጥላ ስትሮጥ ሽማግሌው አባቷን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል።

«አይነሱ ብያቸው ነበር» አሏት።