መስታወቱ

ማንም ረግጦት የማያውቀውን ተራራ ብቻውን ሊወጣ ሲነሣ፣ እናቱ በር ላይ ቆመችበት።

«ባልንጀራ የለህም?»

«በአንድ ገመድ ከታሰርን አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ነው የሚሄደው። ብቻዬን ይሻላል፣ እምዬ።»

«ብቻህን ስትወድቅስ ማን ይነግረኛል? አሞራ?»

ከኪሱ ትንሽ መስታወት አወጣ። «ይሄ ይነግርሻል። ነገ ቀትር ላይ ከጫፉ ሆኜ ሦስት ጊዜ ብልጭ አደርግልሻለሁ።»

በማግስቱ አሮጊቷ አንገቷ እስኪደርቅ ተራራውን ስታይ ዋለች። ቀትር አለፈ። የቤቱ ጥላ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ሲደርስ ግን እላይ ብልጭ አለ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ እስኪወጣ እልል አለች።

«እትዬ፣ ከጫፉ ዝቅ አላለም?» አላት ጎረቤቷ ቢሻው።

«ዝቅ ያለው ያንተ ዓይን ነው! የሰው ልጅ ከፍ ሲል አይወድ!»

«ሦስት ጊዜ አላለሽም?»

«እዚያ ድረስ ወጥቶ ደግሞ ይቁጠርልህ?»

ብርሃኑ ሳይነቃነቅ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ዶሮ አሳርዳ፣ ወጡን እያሞቀች ጠበቀችው። አልመጣም።

በማግስቱ ጥላው ያው ድንጋይ ላይ ሲደርስ፣ መስታወቱ ከጫፉ በታች ካለው ገደል ላይ፣ ትናንት ባበራበት ቦታ፣ ሳይነቃነቅ አበራ።

ቢሻው አንገቱን ደፋ። አሮጊቷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።