ሆዱ ባዶ ቁጥር

ሽማግሌው የሒሳብ መምህር፣ ሕመም ግራ ጎኑንና አንደበቱን ከያዘበት ወዲህ ከሴት ልጁ ጋር የሚያወራው በቁጥር ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በቀኝ እጁ ትንሿ ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ አስታማሚዋ ለልጅየዋ በስልክ ታነብላታለች። ልጅየዋ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሆና በቁጥሩ ሆድ የተደበቁትን ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም የማይካፈሉትን፣ ታድናለች። ትናንት 8376 ነበር። «83 አለ፣ 37ም አለ፣ 3 እና 7ም አሉ በይልኝ» ብላ ስቃለች።

ጨዋታው የልጅነቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ አያውቀውም፤ እሱ ሒሳብ ሲባል ትኩሳት የሚነሳበት ሰው ነው። አባቷ ያኔ አንድ ነገር ብሏት ነበር፦ «ችግር ገጥሞሽ መናገር ካቃተሽ፣ ሆዱ ባዶ ቁጥር ጻፊልኝ። እደርስልሻለሁ።»

ዛሬ የአስታማሚዋ ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

«ስምንት፣ አራት፣ ስድስት፣ ዜሮ።»

ከኋላ ሳል ተሰማ።

«አባዬን ጉንፋን ያዘው እንዴ?»

«ኧረ... ደህና ናቸው፣ እትዬ።» ስልኩ ተዘጋ።

8፣ 84፣ 46፣ 60... ከየትም ብትቆርጠው ምንም የለበትም። ልጅየዋ ክው አለች። ያቺ ዓይነ ደረቅ አባቷን ምን እያደረገችው ነው? ወንድሟ ባለፈው ወር «ቤቱ በስሜ ይዙርና እኔ ላስታምመው» ሲል ምነው እሷና አባቷ እሺ ባሉት ኖሮ! እሷ ናት ባዳ ቀጥራ ያስገባችበት። ወዲያው ለወንድሟ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ አስታማሚዋ አባዬን ልትገልብኝ ነው!»

«ፖሊስ እንዳትጠሪ፣ ደንግጣ ትጎዳዋለች። እኔ ቅርብ ነኝ» አላት።

ኡፍ፣ ተመስገን! ደግነቱ ወንድም አላት። ታክሲው ግን አልሄድ አላት፤ መንገዱን ሁሉ «ድረስለት፣ ድረስለት» ስትል ሄደች።

በሩን የከፈተላት ወንድሟ ነው፣ አፉን በመዳፉ ይዞ እየሳለ።

«ወጥ ቤት ቆልፌባታለሁ። ግቢ» አላት።

የወጥ ቤቱ በር ይደበደባል። «እትዬ! አይግቡ! በፈጠረዎት አይግቡ!»

«ዝም በይ፣ አረመኔ!» ብላ አልፋ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። ወንድሟም ተከተላት።

አባቷ ዓይኑ ፈጦ ተጋድሟል። በድን የሆነውን ግራ እጁን አነሳችው። አውራ ጣቱ ሰማያዊ ሆኗል።

«አበለዘችው! እጇ ይቆረጥ!» እያለቀሰች ጣቱን አሻሸችለት። «አይዞህ አባዬ፣ ልጆችህ ደርሰንልሃል። አሁን ደህና ነህ፣ አይደል?» ጠመኔውን በቀኝ እጁ አስያዘችው።

አባትየው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እያየ ጻፈ። 8460። ጠመኔው ተሰበረ።

«ተቆልፎባታል እኮ፣ አባዬ» አለችና እንባዋን ልትጠርግ መዳፏን አነሳች። መዳፏን ሰማያዊ የማኅተም ቀለም ነክቶታል።

ከኋላዋ ያ ሳል ተሰማ፤ የበሩም ቁልፍ ከውስጥ ዞረ።