ዕቃ ቆጣሪዋ

ፀሐዬ ጉርድ ሾላ ካለው የግንባታ ዕቃ መጋዘን ሲሰናበት ብዙም አልደነገጠም። አሥራ አራት ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቷል፤ ሙያ ያለው ሰው ወድቆ አይቀርም ባይ ነው። የደነገጠው በማግስቱ ነው። የድርጅቱ የሕክምና ሽፋን ለካ አብሮት ተሰናብቷል።

ልጁ መቅደላዊት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። ካልተወጋች ምን እንደሚመጣ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል።

መጀመሪያ የግል መድን ጠየቀ። «በሽታው ቀድሞ የነበረ ስለሆነ አንሸፍንም» አሉት። ጉድ እኮ ነው፤ ለጤነኛማ ማን መድን ይፈልጋል! ሰኞ ዕለት ወረዳ ሄደ። እዚያ የማህበረሰብ ጤና መድን አለ፤ የዓመቱን መዋጮ አንዴ የከፈለ ቤተሰቡን ይዞ ይታከማል።

«ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው» አለችው መዝጋቢዋ። «ምናልባት መክፈል ካልቻሉ ደግሞ…»

«ማነው የማይችለው?» አለ ፀሐዬ ቆጣ ብሎ። ከኋላው አሥር ሰው ተሰልፏል፤ ሁለቱ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው።

የመዋጮውን ግማሽ ይዟል። ግማሹን እግዜር ያውቃል። ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ባለፈው ወር ተሸጠዋል፤ ኢንሱሊኑ አሁን የሚቀመጠው እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ማሰሮ ነው።

ይሄ አልበቃ ብሎ የአከራያቸው የእትዬ አባይነሽ ነገር አላምር አለ። ሴትዮዋ ድሮ ከሰላምታ አያልፉም ነበር። አሁን በየቀኑ ብቅ ይላሉ። «ሥራ አገኘህ?» ይላሉ። «ምሳ ምን በላችሁ?» ይላሉ። በመስኮት ወደ ውስጥ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። በመጨረሻ የእነ ፀሐዬን የመታወቂያ ኮፒ ጠየቁ። ለምን ቢባሉ «ይፈለጋል» ብቻ ብለው ሄዱ።

«አሮጊቷ ልታስወጣን ነው» አለ ፀሐዬ።

«እስቲ ተው፣ አትጠርጥር» አለች ሚስቱ ሮማነወርቅ። «ኪራይ አላሳለፍንም።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አከራይ ኪራይ እስኪያልፍ አይጠብቅም። ሥራ ፈት መሆኔን ሰምታለች፣ አለቀ።»

ነገሩ የቤት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከቤቱ ከወጡ አድራሻ የላቸውም። አድራሻ የሌለውን ደግሞ ወረዳው ለመድን አይመዘግብም።

ማክሰኞ ከሰዓት አንዲት ክላሰር የያዘች ሴት መጣች። ሮማነወርቅ በመጋረጃው ቀዳዳ አየቻት። ከእትዬ አባይነሽ ጋር በሩ ላይ ቆማ ትንሾካሾካለች፤ እትዬ አባይነሽ በጣታቸው ወደ እነሱ ቤት ያሳያሉ።

ማታ ጎረቤታቸው ሊሊሳ ገባ። ሊሊሳ መገናኛ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይጠግናል።

«አንዲት ሴትዮ ስለ እናንተ ጠየቀችኝ» አለ። «‹ቴሌቪዥን አላቸው? ፍሪጅስ?› ትላለች። አላውቅም አልኳት። ነገ ጠዋት ራሷ ትመጣለች።»

ፀሐዬ ሚስቱን አያት። «ይኸው! ባዶ ቤት መሆኑን አይታ ለአሮጊቷ ልትነግር ነው። ሊሊሳ ወንድሜ፣ ገበናዬን ሸፍንልኝ።»

ሊሊሳ ጭንቅላቱን አከከ። ሱቁን የሞላው የደንበኛ ዕቃ ነው። «ለግማሽ ቀን ብቻ» አለ። «ባለቤቶቹ ቢሰሙ ከነመፍቻዬ ይበሉኛል።»

ረቡዕ ንጋት ላይ እትዬ አባይነሽ ኪዳን ሊያደርሱ ወደ የካ ሚካኤል ሲወጡ፣ ሁለቱ ወንዶች ዳገቱን እያለከለኩ ዕቃውን አስገቡ። ሰፊ ቴሌቪዥን፣ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ። ሮማነወርቅ ፍሪጁን በውሃ ጠርሙስ፣ በጎመንና ተውሳ ባመጣችው ቅቤ ሞላችው። ማሰሮውን አልጋ ሥር ከተተችው።

ሴትዮዋ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ትሁት ናት፤ ፊቷ የደከመው ሰው ይመስላል።

«ለመረጃ ያህል ነው» አለች። የምን መረጃ እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ፀሐዬም አልጠየቀም፤ የሚያውቅ መስሎታላ።

«ሥራ አለዎት?»

«የራሴን ንግድ ጀምሬያለሁ።»

«ገቢው እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው። ከእኛ አልፎ ለሰው ይተርፋል።»

ሴትዮዋ ተነስታ ፍሪጁን ከፈተች። ቅቤውን አየች። ዘጋችው።

«ቤት ውስጥ የታመመ አለ?»

በሽተኛ ያለበት ቤት ገንዘብ እንደማይበረክት አከራይ ሁሉ ያውቃል። መቅደላዊት ዩኒፎርሟን ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«የለም» አለ ፀሐዬ።

«ልጅቷ ስኳር አለባት ሲባል ሰምቼ ነበር። እርግጠኛ ነዎት?»

«ወሬ ነው! ልጄ ደህና ናት። ቢያማትም አባቷ አለላት።»

መቅደላዊት አባቷን ቀና ብላ አየችው፤ ቀጥሎ አንገቷን ደፋች። ሮማነወርቅ ወደ ጓዳ ገባች፤ እንባዋ መጥቶባታል። ሴትዮዋ ክላሰሩ ላይ ረዥም መስመር አሰመረች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ፀሐዬ በእፎይታ ላቡን ጠረገ። ድል ያደረገ መስሎት ልቡ ሞቅ ብሏል። አሮጊቷ ወሬው ሲደርሳት ምን እንደምትል መስማት አማረውና፣ ሴትዮዋን ተከትሎ ከአጥሩ ቆርቆሮ ጀርባ ተጠጋ። እትዬ አባይነሽ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ይጠብቁ ነበር።

«እትዬ፣ ‹ልጃቸው በመድኃኒት እጦት ልትሞትብን ነው፤ ሰውዬው ኩሩ ስለሆነ ሳትነግሩት በነፃው የጤና መድን መዝግቡልኝ› ብለው ወረዳ ድረስ እየመጡ ሲያለቅሱብን የሰነበቱት ለእነዚህ ነው?» አለች ሴትዮዋ። «እኔማ ሰርዣቸው ቦታውን ለሌላ ሰጠሁት።»