ለጾመኛዋ የታጠበ መጥበሻ

መጋቢት ስድስት ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እናትና ልጅ በአሜሪካዋ ሴንት ፖል ከተማ፣ በሰፈራቸው ባለው የካንቶን ቻይናውያን ምግብ ቤት ተቀምጠው ነበር። ሕመም ያከሳት እናት በሁዳዴ ጾም እህል የምትቀምስበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ግን ሥጋ በተጠበሰበት ዕቃ የተሠራ አልበላም አለች።

«እማዬ፣ ካልበላሽ ዶክተሩ አድሚት ያደርግሻል።»

«ያድርገኛ። ሆስፒታል ስገባ የምፈስክ መሰለው?»

ልጅቷ እያፈረች ለሽማግሌው አብሳይ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ሰውየው ወደ ጓዳ ገባ። ከቆይታ በኋላ ትልቁን መጥበሻ ይዞ ወጣና ጎንበስ ብሎ ውስጡን ለእናቷ አሳያት። ገና ከመታጠቡ ውሃው ይንጠባጠብ ነበር። ያልተከፈተ ዘይትም አምጥቶ ክዳኑን እፊቷ ከፈተው።

«የእኔም እናት በየወሩ ሁለት ቀን ሥጋ አትነካም ነበር» አለ። «መጥበሻዋን የማጥብላት እኔ ነበርኩ።»

ልጅቷ ተረጎመችላት። እናቷ መጥበሻውን ትታ ዘይት ያቃጠላቸውን የሰውየውን እጆች ስታይ ቆየች።

«እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ጸድቃለች» አለች። «በይ፣ ይሥራልኝ በይው።»

የቀረበላትን ሩዝም አትክልትም ጨረሰች። እስከ ሆሳዕና ድረስ በየቀኑ እዚያ በሉ። ለትንሣኤ ግን አልደረሰችም።