አራት ፊደል ከስሟ በላይ

ስህተቷን የነገረቻት ታላቅ እህቷ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ቢሮ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኳ ጮኸ። «ምን አድርጌሽ ነው?» አለች እህቷ። «ደብዳቤሽን እንደ መሥሪያ ቤት ሰው የምትዘጊብኝ?»

እህትማማቾቹ እንግሊዝኛ የሚለማመዱት አብረው ነው። የሚኖሩት በተለያየ ከተማ ስለሆነ በየሳምንቱ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ይጻጻፋሉ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት አራት ፊደል ነው፤ ኤክስ፣ ኦ፣ ኤክስ፣ ኦ። አቅፌ ሳምኩሽ እንደማለት ነው፤ ከአንድ ተከታታይ ፊልም ነበር የለቀሙት። የሰኞው ደብዳቤ ግን የተዘጋው «ዩርስ ፌይዝፉሊ» በሚለው የመሥሪያ ቤት መዝጊያ ነው።

ጸሐፊዋ ወደ ጠረጴዛዋ ሮጠች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የጻፈችው ሁለት ደብዳቤ ነበር። አንዱ ለእህቷ ነው። ሌላው ፋብሪካቸው የሚሠራውን የመድኃኒት ጠርሙስ በሙሉ ለሚገዛው የውጭ ድርጅት፣ ያውም በቀጥታ ለግዢ ኃላፊው። ኮምፒውተሯን ከፍታ ለኃላፊው የላከችውን አየች። ከታች፣ ልክ ከስሟ በላይ፣ አራቱ ፊደላት ቁጭ ብለዋል።

የሁለቱ ደብዳቤ መዝጊያ ተቀያይሯል።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትቀጠር፣ ሥራ አስኪያጁ እንግሊዝኛዋ እንዴት እንደሆነ ጠይቀዋት ጥሩ ነው ብላ ነበር። ውሸቷን ነው። ከዚያ ወዲህ የምትጽፈውን ሁሉ ከትምህርት ደብተሯ ነው የምትቀዳው፤ ስለ ደብዳቤዎ እናመሰግናለን፣ ምላሽዎን በጉጉት እንጠብቃለን፣ የመሳሰለውን። የግዢ ኃላፊው ደብዳቤ ሲመጣ አረፍተ ነገሩ እሷ ከምትጽፈው ንቅንቅ አይልም። ያንን እያየች፣ ደብተሬስ አላሳሳተኝም ብላ ትጽናና ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ ሞከረች። በመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ግን አታውቅም፤ ደብተሯም ላይ የለም። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ሰረዘችው። ረቡዕ መልስ አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም።

ዓርብ ጠዋት መጣ። ሁለት መስመር ነው። ኃላፊው ለውሉ ጉዳይ ሰኞ ራሳቸው እንደሚመጡና ከሁሉ አስቀድመው ደብዳቤዎቹን የምትጽፈውን ሠራተኛ ለብቻዋ ማነጋገር እንደሚፈልጉ ይላል። ከዚያ ስማቸው ብቻ። ስንብት የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ምንም መዝጊያ የለውም።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አስተርጉመዋት ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«ምንድን ነው የጻፍሽላቸው?»

«የተለመደውን ነው፣ ጋሼ።»

አልተቆጧትም። ውሉ በዚህ ወር እንደሚያልቅ፣ ሰውዬው ከሌላ ፋብሪካ ጋርም መነጋገር እንደጀመሩ መስማታቸውን፣ ገዢው ከቀሩ የጠርሙሱ ማቅለጫ ምድጃ ጠፍቶ ፋብሪካው እንደሚዘጋ ቀስ ብለው ነገሯት። ይህን ሲሉ የመነጽራቸውን መስታወት ይጠርጉ ነበር፤ ጠርገው ጨርሰውም መጥረጋቸውን አልተዉም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ያን ቀን ምሳ መብላት አቃታት። በማሸጊያው ክፍል በኩል ስታልፍ አንዲት ነፍሰ ጡር አሻጊ ጠርሙስ በወረቀት እየጠቀለለች ጠራቻት። «እንግዳ ይመጣል አሉ። እሰይ፣ ሥራ ሊበዛልን ነው ማለት ነው» አለቻት። ጸሐፊዋ አዎ ብላ አንገቷን ደፍታ አለፈች። እዚያ ክፍል ሰማንያ ሰው አለ።

እህቷ ደግሞ በስልክ ምክር አልቸገራትም። ኮምፒውተሩ ነው በዪ አለች። ይህ እንደማያዋጣ ሲገባት፣ ሳያስወጡሽ በፊት ራስሽ ልቀቂ አለች። ጸሐፊዋ እሑድን የዋለችው የመልቀቂያ ማመልከቻ ስትጽፍና ስትቀድድ ነው።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ እንግዳው መጡ። ቁመተ ረጅም፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። የአገራቸውን ቋንቋና አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ አብሯቸው አለ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጠኑት የሰነበቱትን የእንግሊዝኛ ሰላምታ ደረደሩ። እንግዳው ራሳቸውን ብቻ ነቅንቀው አለፏቸው። በሩ ላይ የቆሙት ሠራተኞች ተያዩ። እንዲህ የኮራ ሰው ለበጎ አልመጣም።

ጸሐፊዋ፣ እንግዳውና አስተርጓሚው ትንሿ የስብሰባ ክፍል ገቡ። እንግዳው በሩን ራሳቸው ዘጉት፤ መዘጋቱን በእጃቸው ገፋ አድርገው አረጋገጡ። ከዚያ አንድ ወፍራም ፋይል ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

የእሷ ደብዳቤዎች ናቸው። የሁለት ዓመት ደብዳቤ ሁሉ ታትሞ፣ በቀን በቀኑ ተደርድሯል። በቀይ ያልተሰመረበት መስመር የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ያለው የመጨረሻው ነው። አራቱ ፊደላት ሁለት ጊዜ ተከብበዋል።

የእንግዳው ግንባር ላብ አውጥቷል። መንጋጋቸውን ነክሰዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም» አለች ጸሐፊዋ።

እንግዳው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ጣታቸውን ፊደላቱ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚው እስኪጨርሱ አዳመጠ። እሳቸውን አየ፣ እሷን አየ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንዲህ ነው የሚሉት» አላት። «"እንግሊዝኛ የሚባል የተማርኩት ካንቺ ደብዳቤዎች ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ይህን አያውቅም። የዚህችን መዝጊያ ትርጉም ግን መዝገበ ቃላት ላይ አጣሁት። እባክሽ ምን ማለት ናት? ረቡዕ ዕለት ለሚኒስትራችን በእንግሊዝኛ የላክሁትን ደብዳቤ የዘጋሁት በእሷ ነው።"»