ያልታደሰው ኮምፒውተር

መሐንዲሷ ኮምፒውተሯን አፕዴት ካደረገች ወዲህ የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራሟ አልከፈት አላት። «ይህ ፕሮግራም ከአዲሱ ሲስተም ጋር አይሠራም» ይላታል፤ ብታጠፋው፣ ብታበራው፣ መልሳ ብትጭነው ያው ነው። በዚያ ላይ የሥራ ተቋራጩ በስልክ አላስቀምጥ አላት።

«እህቴ፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ቆሟል። የክሊኒኩን ፕላን አስተካክለሽ መቼ ነው የምትልኪልን?»

ቁጭ ብድግ ስትል ቆይታ፣ መላው ሲጠፋት፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ከዓመታት በፊት ወደፈታችው ባሏ ወደ ምንተስኖት ቤት ሄደች። ንብረት ሲካፈሉ ይኸው ፕሮግራም የተጫነበት አሮጌው ኮምፒውተራቸው ለእሱ ደርሶት ነበር። በሩን ሲከፍትላት ዓይኑን ማየት ከበዳት።

«ያ ኮምፒውተር አለ ወይስ ጣልከው?»

«አለ። ግቢ።»

ፕሮግራሙ ገና ስትነካው ተከፈተ። ፕላኑን አስተካክላ ላከች፤ ተቋራጩም «ደርሶኛል» አላት። ልትነሣ ስትል «አዲስ አፕዴት አለ፤ አሁን ይጫን?» የሚል መልእክት ብቅ አለ። ምንተስኖት ከኋላዋ እጁን ሰዶ «በኋላ» የሚለውን ነካ።

«ለምን አፕዴት አታደርገውም?»

«ያንቺ ፕሮግራም ይጠፋል አሉኝ» አላት። «እኔማ የምሠራው በሌላ ነው። ይኼንን እየከፈትኩ ‹በኋላ› እለዋለሁ እንጂ ነክቼውም አላውቅ።»